ጠበል የተባለው ቧንቧዬ

ደብረ ታቦር ቤቴ ውስጥ ጋዝ ያለው ውሃ የሚቀዳ ቧንቧ ለመሥራት አንድ ወር ለፋሁ። የጋዙን ሲሊንደር ከባሕር ዳር አስመጥቼ ከፍሪጁ ጋር በቱቦ ያገናኘሁት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሆዳቸው ቀለል ቢላቸው፣ «ጠበል ፈልቋል» ብለው አስወሩብኝ። በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ጀሪካን የያዘ ሰው ተሰለፈ።

«ኧረ በእጄ የሠራሁት ነው» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ጭራሽ አንድ ሽማግሌ «በጫማ አትግባ» ብለው በገዛ ቤቴ ተቆጡኝ። ደሜ ፈላ። የነፍስ አባቴን ጠራሁ።

አባ ቀመሱና ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ይህ ጠበል አይደለም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። አመስግኜ ልሸኛቸው ስል ከጋቢያቸው ሥር ኮዳ አወጡ።

«በል ልጄ፣ አሁን ወረፋ የለም፤ ቅዳልኝ።»