ያልተኳለችው የልጅ ልጄ

ሱቄ ከገበያው ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ነው። ቅባት፣ ማበጠሪያ፣ ሳሙና፣ የጥፍር ቀለም፣ ኩል፣ ሴት ለመልኳ የምትፈልገውን ሁሉ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የእኛን ፊደል የለየሁት ከልጄ ደብተር ነው፤ የፈረንጁን ደግሞ ከካርቶንና ከብልቃጥ ላይ እየለቀምሁ። ስለዚህ ከወረዳ የመጣችው የጤና ባለሙያ እኛን የመዋቢያ ነጋዴዎችን ሰብስባ፣ «ደንቡ ተለውጧል፤ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ዕቃ ከእንግዲህ አይሸጥም» ስትል ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ። ማንበብ በመቻሌ የሸለሙኝ መስሎኝ ነበር።

ቀጥላ ኩልን አነሣች። ብዙው ኩል እርሳስ አለበት አለች።

«የቱ እርሳስ?» አለች አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ።

«ጥይት የሚሠራበት።»

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን ያልተኳለ ዓይን አልነበረም። ባለሙያዋ ቀጠለች፤ ለሁሉም መጥፎ ነው፣ ለሕፃን ግን ይብሳል፤ ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል፣ እርሳሱ ደሙ ውስጥ ይገባል፣ አእምሮውን ይጎዳል አለች።

እኔ ቤት ደግሞ አራስ አለች። ልጄ ሴት ልጅ ተገላግላ እኔው ዘንድ ተኝታለች። በእኛ አገር ጨቅላ ይኳላል። ዓይኑ እንዲጠነክር ነው ይላሉ፣ እንዲያምር ነው ይላሉ፣ ከሰው ዓይን እንዲሰውረው ነው ይላሉ፤ ብቻ ይኳላል።

ሮጬ ሱቄ ገባሁ። የገጠር ሴቶች ወቅጠው በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡልኝን ኩል ከመደርደሪያው አነሣሁ። የቀረችው ከከተማ የምትመጣው ባለ ማሸጊያዋ ናት። ጽሑፏን ፊደል በፊደል ቆጠርሁት፤ እርሳስ የለበትም ይላል። ለልጄ፣ «በይ፣ ልጅሽን የምንኩላት በዚች ነው» አልኋት። ደስ አላት። እኔም ኮራሁ።

ክርስትናው ሲቃረብ ያቺው የጤና ባለሙያ ሱቄ መጣች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። የእኔዋ ማሸጊያ ናት፣ ቀለሟ ሳይቀር።

«ይቺም ተከልክላለች እማማ።»

«ጽሑፍ አላት እኮ ልጄ!»

«ጽሑፉ ውሸት ሆነ። ሲመረመር እርሳስ ተገኘባት።»

«ጽሑፍ የሌለውስ?»

«እሱም አይቻልም።»

«ታዲያ የሚቻለው የቱ ነው?»

«ተመርምሮ የተመዘገበ።»

«የት አለ?»

«ወደዚህ ገና አልመጣም።»

«እሺ፣ የቤታችንን ኩል ባመጣልሽ ትመረምሪልኛለሽ?»

«መሣሪያው እዚህ የለም። በማየት አይለይ፣ በማሽተት አይለይ።» አንጀቴን የበላው እሷም እንደ እኔ መጨነቋ ነው። እያንዳንዱ ቃሏ ገብቶኛል። አንድ ላይ ሲሆን ግን ምን አድርጊ እንዳለችኝ አልገባኝም። ጽሑፍ እመኚ ተባልሁ፤ አመንሁ፤ ጽሑፍ አትመኚ ተባልሁ።

በክርስትናው ዋዜማ የልጄ አማት ከገነተ ማርያም ዳገቱን ወጥታ መጣች። የቄስ ሚስት ናት፤ ስትቀመጥ ቤቱ ይጠብባታል። የሕፃኒቱን እግር ስማ፣ መርቃ፣ ከመቀነቷ የቀንድ ብልቃጥ ፈታች። ኩል ነው። ድንጋዩ ከእናቷ የወረሰችው ነው፣ ወቅጣ የነፋችው ራሷ ናት።

«ሕፃኒቱን ያምጧት» አለችኝ።

«ነገ እኮ ሜሮን ትቀባለች እትዬ፤ ዓይኗ ላይ...» አልሁ። ማምለጫ መፈለጌ ነው።

«ስለ ሜሮን ለኔ ሊነግሩኝ ነው? ዛሬ ትኳላለች፣ ጧት ትታጠባለች።»

መፈናፈኛ ሳጣ ስብሰባውን ነገርኋት፤ የጥይቱን ነገር፣ የማሸጊያይቱን ነገር፣ ሁሉንም። ስነግራት ለራሴም ተወሳሰበብኝ። እስክጨርስ ሰማችኝና ሳቀች።

«እርስዎ ሲሸጡት ኖረው ዛሬ እኔን ሊከለክሉኝ! የርስዎው ባለ ጽሑፍ ነው የዋሸው። የእኔ መቼ ተናገረና ይዋሻል?»

እውነት እኮ ነው፤ የእሷ ኩል ዋሽቶ አያውቅም። ግን ዝም ያለ ሁሉ ንጹሕ ነው? ይህንንም አላወቅሁም።

«ሰባት ልጆች ኩዬበታለሁ» አለችና ወደ ልጇ፣ ማለት ወደ አማቼ ዞረች። «አንተ፣ ዓይንህ አያይም?»

አማቼ ባጃጅ ነጂ ነው። «አያለሁ እማዬ።»

«አእምሮህስ ጎደለ?»

«እሱን ሚስቴን ጠይቂ» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ልጄ ግን አልሳቀችም። ሕፃኒቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ አማቷን ታያለች። ካገባች ጀምሮ ለአማቷ ቀና ብላ መልሳ የማታውቅ ልጅ ናት።

«ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ እማማ?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ኩል ነዋ!»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም የማታውቁት ነገር ልጄ ዓይን ውስጥ አይገባም።»

አማትየው ብልቃጡን ወደ መቀነቷ መልሳ ቋጠረች። «ትኳል ብዬ ዓይኗን ላጠፋ መጣሁ በይኛ» አለች። የ«ሊኩሏት ዓይኗን አጠፏት» ተረት ጫፉ እንደ መርፌ ወጋን። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ ሕፃኒቱን ግን አልሰጠቻትም።

ልጄ ትክክል ናት ብዬ አሰብሁ። ወዲያው ደግሞ ያቺ ሴትዮ ያን ሁሉ ዳገት የወጣችው ለዚህ ነው ብዬ አሰብሁ። ሁለቱ አልታረቅ ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በርጩማዬን ስቤ ፊቷ ተቀመጥሁ።

«እኔን ይኩሉኝ እትዬ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎስ? እርሳሱን አይፈሩም?»

«ሳላውቀው ዕድሜዬን ሙሉ ተኩዬዋለሁ።»

ፈገግታ ከአፏ ጥግ አመለጣት። ብልቃጡን ፈታች፣ መኳያውን በምላሷ ልታርስ ብላ ተወችውና በነጠላዋ ጠረገችው። አገጬን ያዘች። ቀዝቃዛው መኳያ በሽፋሽፍቴ መሐል ሲያልፍ እንባዬ መጣ፤ ከኩሉ ይሁን ከሌላ እኔ ልለይ አልችልም። ቆንጆ እጅ አላት፤ አንዴም አልወጋችኝም።

ሕፃኒቱ በማግሥቱ ዓይኗ እንደተፈጠረ ሆኖ ተጠመቀች። ሜሮኑ ሲነካት አለቀሰች። አማትየው አቅፋ አባበለቻት፣ ለመጣው ሁሉ፣ «የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ አታስነካም!» እያለች። ወቀሳ ይሁን ኩራት ከድምፅዋ አልለየሁም።

ከክርስትናው ማግሥት ሱቄን ከፈትሁ። የመጀመሪያዋ ገበያተኛ አንዲት ሙሽራ ነበረች።

«ኩል አለሽ እትዬ?»

«የለም የኔ እናት፤ ተከልክሏል። ዓይን ይጎዳል፣ ደም ይጎዳል።»

ኩሉ ገና ያልለቀቀውን ዓይኔን አየችው።

«ምን ተኩለሽ ነው ታዲያ?»

አፌን ከፈትሁ። ከየት ጀምሬ እንደምነግራት ጨነቀኝና በርጩማውን ገፋሁላት፤ «ተቀመጪ፣ አጭር አይደለም» አልኋት።