ሽሮው ላይ ያለችው ሴት

አክስቴ የድርጅታችንን ታሪክ እንድጽፍላት ያዘዘችኝ አዲሱ ማሸጊያ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ነው። «አምስት መስመር ይበቃል። ማን ጀመረው፣ የት ጀመረው፣ አለቀ» አለችኝ። ሥራችን ባልትና ነው፤ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተን ለሱቅና ለሱፐርማርኬት እናከፋፍላለን። ቀላል መሰለኝ። እናቴ እሪ በከንቱ፣ ከቤታችን ጓሮ ጀመረችው። እሷ ስትሞት ገና ሁለት ዓመቴ ስለነበር፣ አክስቴ እኔንም ሽሮውንም አብራ አሳደገች። ማሸጊያው ላይ ነጠላዋን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ የምትስቀው ሴት እናቴ ናት። እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ለታሪኩ ማሳመሪያ እንዲሆነኝ «ፎቶውን የት ነው የተነሣችው?» ብዬ ጠየቅኋት።

አክስቴ ቀና አለች። «እሷ አይደለችም እኮ። ጎረቤታችን ናት፣ የወሎዋ ልጅ። ያኔ እናትሽ አንቺን እርጉዝ ነበረች። ‹እርጉዝ ሆኜማ ፊቴን ለአገር ሁሉ አልበትንም፣ የሰው ዓይን ይበላኛል› ብላ እምቢ አለች። ነጠላዋን አልብሳ ጎረቤታችንን ፒያሳ ፎቶ ቤት ወሰደቻት።»

«የእሷስ ፎቶ?»

«የላትም። ስወልድ እነሣለሁ እያለች ታመመች።»

በጣም ተናደድኩ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቅሽኝ?»

«የሽሮውን ላስቲክ አቅፈሽ ‹እማዬ› እያልሽ ስትተኚ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» ብላ እሷም ተቆጣች። ቀጥላ አለቀሰች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እያደር ደፈረሰ። ያንን ፎቶ እያየሁ ጸጉሬን መሐል ለመሐል ስከፍል ነው ያደግሁት። ቸርችል ጎዳና ያሉ ባለሱቆች ሽሮ ሳደርስላቸው አንዴ ማሸጊያውን አንዴ እኔን እያዩ «ቁርጥ እናትሽን!» ይሉኝ ነበር። ታዲያ የመሰልኩት ማንን ነው? ሲከፋኝ በልቤ የማወራትስ ሴት ማን ናት? መስተዋት ፊት ቆሜ ጸጉሬን በጎን ለመክፈል ሞከርኩ፤ አላማረብኝምና መለስኩት።

ጎረቤታችን እኔ ዳዴ ሳልል አግብተው ደሴ ገብተው ነበር። ዘንድሮ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ልጃቸው ጋ መጥተዋል ተባልኩና ቅዳሜ ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ እንደ እሪ በከንቱው ግቢያችን በመልሶ ማልማት ፈርሷል፤ የነበረበትን ቦታ እንኳን መለየት አቃተኝ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። እናቴ አርጅታ የከፈተችልኝ መሰለኝ። አቅፈውኝ ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

«እማማ፣ እናቴን እመስላለሁ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩኝ። «እኔንጃ ሆዴ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ መልኳ ጠፍቶብኛል። ነገረ ሥራዋን ግን መቼም አልረሳውም። ፎቶ ቤት ተቀምጬ እንደ እንጨት ደርቄ፣ እሷ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆማ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ‹ኧረ ሳቂ እንጂ አንቺ! በዚህ ፊትሽማ ሽሮው ይመራል ይሉናል!› አትለኝም? ወላሂ ከወንበሩ ልወድቅ ነበር። ያኔ ነው ያነሣኝ።»

የእናቴን ንግግር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

በማግስቱ አክስቴ ደወለች። «ጻፍሽው?»

«ገና ነኝ» አልኳት። የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም እናቴ ያለችው ነው። ማሸጊያውን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ሴትዮዋን አየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ እኔን እያየች የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምታየው እናቴን ነው።