የአቶ መቼ እርሳስ

ሰፈሩ «አቶ መቼ» ይላቸዋል። ልደት ንገሯቸው፣ ለቅሶ ንገሯቸው፣ ከአፋቸው የምትቀድመው ቃል «መቼ?» ናት። እንዲህ ያለ ጎረቤት አይጣልባችሁ!

ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የድሮ የታተሙ የሙዚቃ ኖታዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ፒያኖ ነክተው አያውቁም፤ ምን ቸገራቸው! እሳቸው የሚያነቡት ዜማውን ሳይሆን ግርጌውን ነው። የድሮ አታሚዎች ዓመቱን አይጽፉም ነበርና፣ አቶ መቼ ከገጹ ግርጌ ያለችውን የአታሚውን ተራ ቁጥር፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን የሱቅ አድራሻ አይተው፣ ወረቀቱን ዳበስ አድርገው ዓመቱን ያወጡታል። ከዚያ ጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ያሰፍሩታል። እርግጠኛ ካልሆኑ ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይጽፉም።

አንድ ቀን ታላቅ እህታቸው የእናታቸውን ኖታ ይዘው መጡ። አባታቸው ሲያገቡ የሰጧት ናት፤ ሽፋኗ ላይ በእጃቸው «ለሙሽራዬ፣ በሠርጋችን ቀን» ብለው ጽፈውባታል። እናት እሑድ እሑድ በፒያኖ ይጫወቷት ነበር። ሁሌ ሦስተኛው መስመር ላይ ይሳሳታሉ። ልጆቹ ስህተቷን ከዜማው አብልጠው ይወዷት ነበር፤ ዛሬም ትናፍቃቸዋለች።

«ለልጅ ልጄ ሠርግ ልሰጣት ነው። ዓመቷን ጻፍልኝ» አሉ እህት።

አቶ መቼ ጠጋ፣ ራቅ አድርገው አዩዋት። ላብ አጠመቃቸው። አድራሻው አዲሱ ጎዳና ነው፤ ሱቁ ወደዚያ የተዛወረው ደግሞ ከሠርጉ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። የግርጌዋም ቁጥር ያንኑ ትላለች። ታዲያ አባባ ዋሽተዋል? እማማስ ያን ሁሉ እሑድ በውሸት ነው የተጫወቱት?

«ይቅርብሽ እትዬ። ዓመት ምን ያደርግልሻል?»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትል? ምን ጉድ አየህ?»

አማራጭ ሲያጡ ነገሯቸው። እህት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አለቀሱ ብለው አቶ መቼ ሲደነግጡ፣ ለካ ሳቅም አለበት።

«ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አንተ ገና ትድህ ነበር። ሽፋኗ አማረኝና ቀድጄ ደብተሬን ሸፈንኩባት! አባባ አዩኝ፤ አልተቆጡም። ‹ለእማማ ትንፍሽ እንዳትይ› አሉኝ። እማማ ስትጠይቃቸው ‹ለማስጠረዝ ሰጥቻታለሁ› አሏት። በሳምንቱ ፒያኖው ላይ ደህና ሆና አገኘኋት። ጠግነዋት ነበር የመሰለኝ፣ እስከዛሬ! ለካ ሌላ ገዝተው ጽፈውባት ነው! እኔ ሞኝ!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ አቶ መቼ። እርሳሱን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። የሠርጉን ዓመት ቢጽፉ ውሸት ነው፤ የታተመችበትን ቢጽፉ አባባን ማሳጣት ነው።

«ሁለቱንም ጻፍ» አሉ እህት።

ጻፉ፤ የሠርጉን ከላይ፣ የህትመቱን ከሥሩ።

«ልጅቷ ታዲያ ‹መቼ ነው የሰጧት?› ብትለኝ ምን ልበላት?»

«ሁለቴ ሰጧት በያት» አሉ አቶ መቼ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ።