አክስቴ የኳለችኝ ቀን

ልጄ ሜሮን ሰሞኑን ዓይን ማጥቆር እየተማረች ነው። የምታስተምራት ስልኳ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ናት፤ ሴትየዋ «ለጀማሪዎች» እያለች በየቀኑ ትመጣና መጀመሪያ ቡናማውን፣ ቀጥሎ ግራጫውን፣ በመጨረሻ ጥቁሩን በብሩሽ ቀብታ ዳር ዳሩን በጣቷ አሸት አሸት እያደረገች ጭስ ታስመስለዋለች። ልጄም ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ትከተላታለች፤ ዓይን ሲቀባ አፍ ለምን እንደሚከፈት እስከዛሬ አልገባኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግራ ዓይኗን አበላሸችውና ጥቁሩ ጉንጯ ድረስ ወረደ። ሴትየዋ ከስልኩ ውስጥ ሆና ቢዝረከረክ አትደንግጡ፣ ውበቱ መዝረክረኩ ላይ ነው አለች፤ ልጄም ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። እኔ ግን ያንን ጉንጭ ሳይ ተነሽ ታጠቢ ብዬ ጮህኩባት። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ፎጣዋን ይዛ ወጣች።

እንዲያ ባለ ጉንጭ ለአባቴ ለቅሶ መቀመጤን ነግሬያት አላውቅም። ልነግራት ብሞክር የምጀምረው ከአክስቴ ነው፣ ከአክስቴ ከጀመርኩ ደግሞ አፌ ደግ ነገር አያወጣም።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ፈንታነሽ የሰፈራችን ኩል አዋቂ ነበረች። አንቱ ልላት የሚገባኝ ሴት ናት፣ ፊቷ ስቆም እላታለሁም፤ እዚህ ግን አልልም። ከጎንደር አራዳ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ እኛ በትልቁ ቤት እሷ በትንሹ ቤት፣ አንድ ቧንቧ እየተጋራን እንኖር ነበር። ሠርግ በተቃረበ ቁጥር የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደጃፏ ላይ ይኮለኮላል። የኩሉን ድንጋይ ራሷ ፈጭታ፣ በሻሽ ነፍታ፣ ጣት በምታህል ቀንድ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስትኩል ልጅቷን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጣትና ቀጭኗን መኳያ በምላሷ አርሳ፣ ቀንዱ ውስጥ ነክራ፣ ዓይንሽን ግጠሚ ትላታለች፤ ከዚያ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ አንድ ጊዜ ብቻ ስባ ታወጣዋለች። ዓይኗን ያርገበገበች ልጅ ግንባሯን በመኳያው ትኮረኮማለች። የሚንቀጠቀጥ እጅ ኩል መንካት የለበትም እያለች ሌሎቹን ኩል አዋቂ ነን ባዮች በስም እየጠራች ታማቸው ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቀው ደፍ ላይ ቆሜ በማየት እንጂ ተጠርቼ አይደለም። እትዬ ፈንታነሽ ለወንድሟ ያሰበችለት ሌላ ሴት ነበረች፤ እሱ ግን ጭነት ሊያራግፍ አይከል ወርዶ ከእናቴ ጋር ተመለሰ። በዚህ ምክንያት እናቴን ለዐሥራ አምስት ዓመት «ያች የአይከሏ» እያለች ጠራቻት፣ ስሟን አንድ ቀን አላነሳችም። እናቴም አልተኛችላትም፤ ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ የዚያች ሴት ኩል ዓይኔ ላይ ከታየ ቆዳዬን እንደምትገፈው ነግራኛለች። በመሃላቸው የተቸገረው አባቴ ነበር። በጭነት ማኪናው ወደ ደባርቅ መስመር ወጥቶ ሲመለስ ድንቹን ግቢው መሃል ዘርግፎ፣ በርከክ ብሎ አንድ በአንድ እየመረጠ ሁለት እኩል ክምር ይሠራል። ሁለቱም ሴቶች መጥተው ክምሮቹን እያዩ ካጉረመረሙ በኋላ የየራሳቸውን ይወስዳሉ፤ እሱም ለእኔ ዓይኑን ይጠቅስልኛል። አባቴን ሳስበው ቶሎ የሚመጣልኝ ያ ጥቅሻው ነው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በጥር፣ የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች። አባቴ ዓርብ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ለእሁዱ ሠርግ እንደሚደርስ ነግሮን ነበር። እሁድ ጠዋት የሙያ ጓደኛው አያ ሙሉ መጣ። ወደ እኛ ቤት ሳይሆን ወደ አክስቴ በር ሄዶ ጥቂት ቆየና ሲወጣ እንደምን አደርክ ስለው እንኳ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ይሉኝታ የሌለው ሰው ነው ብዬ ታዘብኩት። ለካ የአባቴ ማኪና አምባ ጊዮርጊስን አለፍ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጧል፣ አባቴም እዚያው ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተመካክረው ነበር። አስከሬኑ የሚገባው ሰኞ ነው፤ የሰው ሠርግ አይፈርስም፤ ለሚስቱና ለልጁ መርዶ የሚነገረው እንደ ወጉ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። እስከዚያ የሚያውቀው ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይብላ፣ ይጠጣ፣ እልል ይበል ተባለ። የሰው ልብ እንዳይሰበር የተበጀ ወግ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እየሳቀልኝ መዋሉን ይቅር ብዬ አላውቅም።

አያ ሙሉ እንደሄደ አክስቴ በስሜ ጠራችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሌላ ሰው መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ስገባ በሩን ገጠም አደረገችና በርጩማው ላይ አስቀምጣኝ ቀንዱን አነሳች። አላመንኩም። ሌሎቹን ስታዝ እንዳየሁት ሁሉ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ዓይኔን ገጠምኩ፣ አላርገበገብኩም። መኳያው እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ዐይቻለሁ፣ እርጅና መሰለኝ። ቀኙን አንድ ጊዜ፣ ግራውን አንድ ጊዜ ስባ ወዲያው እንደገና ደገመችው፤ ለማንም ደግማ አታውቅም ነበርና ያንን ሁሉ ዓመት የነፈገችኝን በአንድ ቀን ልትከፍለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አገጬን ይዛ ብዙ ዐየችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«እኔ ነኝ የኳልኩሽ እንዳትይ። ማን ኳለሽ ካሉሽ ራሴ ሰርቄ ነው በይ። እናትሽ ከእኔ ጋር ነገር ውስጥ እንዳትገባ።»

ከአክስቴ ጋር ምስጢር ስላለኝ ብቻ ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ወጣሁ። ዳሱ ውስጥ የማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ ይቺ ሸጋ የማን ልጅ ናት እያሉ ይጠያየቁ ነበር። አንዳንዶቹ ዐይተውኝ ፊታቸውን መለስ ሲያደርጉ ቅናት መሰለኝ። እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ከወጥ ማብሰያው ጭስ ውስጥ ብቅ አለችና እንዳየችኝ ክንዴን ይዛ ከዳሱ ጀርባ ወሰደችኝ። ማን ኳለሽ አለች። ራሴ ነኝ፣ ከአክስቴ ቀንድ ሰርቄ ነው አልኳት። ጭኔን ቆንጥጣ፣ አባትሽ ይምጣ ብቻ፣ እነግርልሻለሁ አለችና ወደ ወጧ ተመለሰች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጨፈርኩ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት ነጭ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶታል፣ የንስሐ አባታችን ከፊት ቆመዋል። ቃል ሳይናገሩ ገባት። ጩኸቷን ሰምቼ ከአልጋዬ ስወርድ ስለ ኩሉ ጭራሽ አላስታወስኩም፤ እንባው ሲመጣ ግን ይዞት ወረደ። የድንጋይ ኩል እንደ ዛሬው ዱቄት በውሃ የሚሄድ አይደለም፣ በእጄ ባበስኩት ቁጥር ፊቴን ሁሉ አዳረሰው። የነጋው ብርሃን ፊቴ ላይ ሲያርፍ የአባቴ ዘመድ የሆነች አንዲት ሴት ለቅሶዋን አቁማ፣ ይቺ ለአባቷ ሞት ተኩላ ነው እንዴ አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም አየኝ።

የአባቴ ሞት ገና አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ እናቴ እኔን የምታይበት ዓይን ነው። አክስቴ ናት የኳለችኝ ብዬ ጮህኩ። አክስቴ ሻሿን ጥላ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታ ነበር። ያችው ዘመዳችን፣ ወንድሟ መሞቱን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እያወቀች ኩል ታነሳለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሐዘን የሰማች ሴት ለራሷ አትኳል፣ ሌላም አትኩል፤ እህት ሆና ይህን ያደረገች ሴት ሰው ፊት አትቆምም። አክስቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ዐየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ለቅሶዋን ቀጠለች።

እናቴ አልቆጣችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በደከመ ድምፅ፣ «ትናንት ራሴ ነኝ አላልሽኝም?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ብዬ ነበር። ስለዚህ ሌባ ብቻ ሳልሆን በሐዘንተኛ ላይ የምዋሽም ሆንኩ። ወስደው በሳሙና አጠቡኝ፣ በቅቤ አሹኝ፣ ከሽፋሽፍቶቼ ሥር ግን አልወጣ አለ። እናቴ ከፊቴ አርቁልኝ አለች። የአባቴን ሳጥን ከቤተሰቡ ጋር ሆኜ መከተል ሲገባኝ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከኋላ ተከተልኩት፤ ሦስቱንም ቀን ዕቃ ከሚያጥቡት ሴቶች ዘንድ ተቀመጥኩ።

ሰፈሩ «አባቷ ሞቶ የተኳለችው» እያለ ስም አወጣልኝ፤ ስሙስ ዓመታት ሲያልፉ ተረሳ። እናቴ ናት ያልረሳችው። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አብልታኛለች፣ አስተምራኛለች፣ ስታመም አጠገቤ ተቀምጣለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ቃሌን ብቻውን አልተቀበለችም። ስምንተኛ ክፍልን አለፍኩ ስላት ነጠላዋን ደርባ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃ መጣች። ሱቅ ዝግ ነው ስላት ወጥታ ታያለች። ጨው የለም ካልኳት ዕቃውን ከፍታ ካላየች ጨው አለ ማለት ነው። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ልጆች ቃሌን በደብተር እየጻፉ እናቴ ከአፌ የወጣውን ከጎረቤት ታጣራ ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ የሁለቱ መታረቅ ነው። አባቴ በሞተ በዓመቱ ቧንቧው ሥር አብረው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው፤ ብዙ ሳይቆይ ሽሮ ተበዳደሩ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሳሙ፣ አክስቴም እናቴን በስሟ ጠራቻት። የታረቁት በእኔ ላይ ነው። እውነቱን ለእናቴ ለመንገር ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ የመጨረሻው ሜሮን የተወለደች ጊዜ ነበር። አራስ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ገንፎውን እያቀረበችልኝ፣ ያችን ምስኪን አትንኪብኝ፣ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ፊቷ ነበርኩ።

በሠርጌ ቀን አልኳልም ብዬ ሚዜዎቼን አስለቅሻቸዋለሁ። እናቴ ስታየኝ በልጅነቷ ባደረገችው ተጸጽታለች ብላ እንዳሰበች አውቃለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት ታመመች። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እጄን ይዛ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ፤ እድሜ፣ ጤና፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉንም። ከዚያ ቆየት ብላ፣ «አባትሽም ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። አባቴን በአንድ ቀን ነው ያጣሁት። እናቴን ግን ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ በየጠዋቱ እያየኋት ነው ያጣኋት።

እናቴ አርባዋ እንደወጣ አክስቴ ላከችብኝ። ዘጠናን ተጠግታ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያችው በትንሿ ቤት አልጋ ላይ ውላ ታድር ነበር። በጠዋት ሄድኩ። ልጠይቃት ሳልፈልግ እንዴት አደሩ አልኳት፣ ትራሷን አስተካከልኩላት። እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«ያን ለት ያ ሙሉ የወንድሜን ሞት ሲነግረኝ በደጅ ቆመሽ አየሁሽ» አለችኝ። «ነገ አባት የላትም፤ ዛሬን እንኳ ሸጋ ሁና ትዋል አልኩ። ክፋት አልነበረብኝም። በነጋው ሰው ሲያየኝ ፈራሁ።»

አመንኳት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ያን ጠዋት ለእኔ አዝና ኳለችኝ፣ በማግስቱ ለራሷ ፈርታ እናቴን ቀማችኝ። በዚያን ጊዜ መፍራቷ ይገባኛል፣ ሰው ነች። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዓመት ቧንቧው ሥር ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው ዋሉ፣ ስንት ጾም አብረው ፈቱ፣ እናቴ አልጋ ላይ ሳለች ስንት ቀን አስታመመቻት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በሰላም ልሂድ አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር።

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ እኔማ አውቀዋለሁ» አልኳት። «ለእናቴ ይንገሯት።»

ግራ ገብቷት ዐየችኝ። እናትሽኮ ሞታለች አለችኝ፣ ልክ ለተጃጃለ ሰው እንደሚነገር ቀስ አድርጋ።

«ስለሞተች አይደል አሁን የነገሩኝ» አልኳትና እጄን ከእጇ አውጥቼ ወጣሁ።