እትዬ ወርቄን አሳልፌ የሰጠሁበት ጠዋት

ይሄን ለእናቴም ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ዲግሪዬን ይዤ ቦንጋ በገባሁ በዓመቱ ራሴን ላጠፋ ሞከርኩ። ለምን ቢባል፣ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው። ቤተሰቦቼ ከካፋ ውጭ ያለ የአእምሮ ሆስፒታል አስገቡኝ። እዚያ «ለአፍታም ብቻዋን እንዳትሆን» ተባለ። ያልደረሰበት ሰው ይሄን አያውቀውም። ስተኛ የሚያየኝ ሰው አለ። ስበላ አለ። ሽንት ቤት በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ፊቴ ቆሞ ነው የምቀመጠው። ገላዬን ስታጠብም ያው። ሰው ሲያፈጡበት ቢውሉ ይድናል እንዴ? እኔ የተጠበቅኩት እንደ ሌባ ነው።

ከጠባቂዎቹ አንዷ እትዬ ወርቄ ነበሩ፣ እንደኔው የካፋ፣ የቢታ ገነት ሰው። ልታጠብ ስገባ ጀርባቸውን ይሰጡኝና በካፊኖኖ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ ወሬ ይጀምራሉ። «እስከመለስሽልኝ ድረስ አለሽ ማለት ነው። ዝም ካልሽ ግን እዞራለሁ፣ በኋላ አፈርኩ እንዳትዪኝ!» በማር እንከራከራለን። እኔ የማንኪራ ጫካ ማር ከቢታው ይበልጣል እላለሁ። «አንቺ ማር ከሱቅ የምትገዢ የከተማ ልጅ፣ ለመሆኑ ንብ ነድፋሽ ታውቃለች?» ይሉኛል። ሳሙና ዓይኔ ውስጥ እየገባ እስቃለሁ። በዚያ ሆስፒታል የሳቅኩት እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋዬ ጋ ቆመ። ጥበቃው ይነሳልኝ አልኩት። «ገና ነው» አለ። እኔ ደግሞ ትዕግስት የለኝም። የተማርኩ ነኝ፣ በማስረጃ ላሳምነው አሰብኩ።

«እትዬ ወርቄ ስታጠብ ጀርባቸውን ነው የሚሰጡኝ። ይኸው፣ አልሞትኩም!»

«አይጠብቁሽም ማለት ነው?»

«አይጠብቁኝም።»

ወሬውን አልነገርኩትም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እያወሩ እንደሚጠብቁኝ ከተናገርኩ ማስረጃዬ ይፈርሳላ! እትዬ ወርቄ በሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ሐኪሙ መለስኩ።

ከክፍሉ አነሷቸው። ቆይቶም ከሥራ ወጥተው ቢታ ገነት እንደተመለሱ ሰማሁ። በእሳቸው ቦታ የመጣችው ልጅ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየኝ ከረመች፤ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም።

«ታመሽ እኮ ነበር» እንዳትሉኝ። አዎ ታምሜ ነበር። ግን ያን ጠዋት የምናገረውንና የምደብቀውን መርጫለሁ። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ በሽታው አይደለም።

ሐኪሙን ይቅርታ አልጠይቅም። ራቁቴን አትዩኝ ማለቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። በደሌ እሱ አይደለም። በደሌ፣ እዚያ ቤት እንደ ሰው የቆጠሩኝን አንዲት ሴት ለራሴ መውጫ ብዬ አሳልፌ መስጠቴ ነው።

ከቦንጋ ቢታ ገነት መኪና አለ። እስካሁን አልተሳፈርኩም። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እናንተማ ይቅር ብትሉኝ ምን ያደርግልኛል? የዋሸሁት በእናንተ ላይ አይደለም። ሐኪሙ ለጠየቀኝ ግን አሁን በትክክል ልመልስ፦ ይጠብቁኝ ነበር። እትዬ ወርቄ ይጠብቁኝ ነበር።