ክትባቱ አልይዝ ያላት እትዬ በረኪና

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም። ትንሹም ትልቁም «እትዬ በረኪና» ነው የሚላት። አንሶላ ላይ የደም ነጠብጣብ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ምላሷም ቢሆን ያቃጥላል ይሏታል፤ ግን ሆደ ቡቡ ናት።

አንድ ቀን በአንድ ሐኪም ጋውን ኪስ ውስጥ የተረሳ መርፌ የአንዷን ወጣት አጣቢ ጣት ወጋ። ደግነቱ ልጅቷ በሽታ አልያዛትም። ሆስፒታሉ ግን ደነገጠና ሠራተኛው ሁሉ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉትን የጉበት በሽታ መከላከያ እንዲከተብ አዘዘ። ብዙው ሰው አፈገፈገ። መጀመሪያ እጅጌዋን የሰበሰበችው እትዬ በረኪና ናት። ቀጥላ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ለመነች፤ የበሩን ጥበቃማ፣ ያንን ረጅም ሰውዬ፣ እጁን ይዛ ጎተተችው።

«ይሄን ሁሉ ቁመት ይዘህ መርፌ ትፈራለህ?»

«እትዬ፣ የሚወጋው እኮ ቁመቴ አይደለም፤ እኔ ነኝ!»

በስድስት ወር ሦስቱም መርፌ አለቀ። ከወር በኋላ ክትባቱ መያዙን ለማየት ደማቸው ተመረመረ፤ የሌሎቹ ሁሉ ውጤት ጥሩ ሆነ። እትዬ በረኪናን ግን ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ለብቻዋ ጠራቻትና በሩን ዘጋችው።

«እትዬ፣ ክትባቱ እርስዎን አልያዘዎትም፤ ደምዎ መከላከያ አላበጀም።»

«እንዴት ነው የማይይዘኝ? ሦስቴ ተወግቼ!»

«አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያጋጥማል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ...»

«ዕድሜ አልሽኝ?»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ማለቴ ነው። ሦስቱን እንደገና እንጀምራለን። ብዙ ሰው በሁለተኛው ዙር ይይዘዋል፤ ቃል ግን አልገባልዎትም።»

ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ብትናገር፣ ለምና ያስከተበቻቸው ሁሉ «ድሮስ ብለን ነበር» ሊሏት ነው። ዝም ብትል ደግሞ መዋሸት ሆነባት። ጡረታ የወጣ ግንበኛ ባሏ ማታ ስትነግረው ሳቅ አለ። «አንድ ድንጋይ አልገጥም ሲል ገልብጦ መሞከር ነው እንጂ ግድግዳው ይፈርሳል እንዴ?»

በነጋታው ሁሉንም ሰበሰበች። «ስሙኝ! ክትባቱ እናንተን ይዟል፤ እኔን አልያዘኝም። አይረባም የሚል ካለ የገዛ ውጤቱን ወረቀት ይይ።»

ማንም አልሳቀባትም። ያቺ ጣቷን የተወጋችው ልጅ ደም የነካው ልብስ ያለበትን ቅርጫት ከእጇ ነጠቀቻት። «እስኪይዝዎት ድረስ ይሄ የኔ ነው።» እትዬ በረኪና «ገና አልሞትኩም!» ብላ ብትጮህም የሰማት የለም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተከራክራ ስትሸነፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጥበቃውም በሁለተኛው ዙር ለሦስቱም መርፌ አብሯት ሄደ፤ መርፌው ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

የመጨረሻው ውጤት የወጣ ቀን ሲስተር ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣች። የማጠቢያው ማሽን ጩኸት ጆሮ አያሰማም። በሩ ላይ ቆማ ባለ በሌለ ድምጿ «ያዛቸው! ያዛቸው!» አለች። ጥበቃው ሌቦች የገቡ መስሎት ዱላውን እየወዘወዘ ደረሰ።

«ማንን ነው የምይዘው?»

እትዬ በረኪና ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባትና የልብስ ክምሩ ላይ ዘጭ አለች።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወደ ክትባት ክፍሉ ይዛው የምትሄደው እሷ ናት። «ሦስቱን ጨርስ፤ ከዚያ ደግሞ መያዙን ተመርመር» ትለዋለች። «አልያዘህም ካሉህም አትፈር፤ መጥተህ ለኔ ንገረኝ።»