የዘንድሮ ጎማ

ልጅቷ አባቷን «እናቴን ገደላት» ያለችው ድንኳን ውስጥ፣ መዝሙሩ ጋብ ባለበት ቅጽበት ነው። ጮክ ብትል ኖሮ ሐዘን ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቀስ ብላ፣ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ በሚመልስበት ድምፅ ነው ያለችው። ሽማግሌው አባቷ ሰሙ። የተሰበረው ትከሻቸው በጨርቅ ታስሯል፤ ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው ደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ማየታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ሦስት ወንበር ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ ያሉት ለቀስተኞች ሽማግሌው መኪናውን ሲያበርሩት እንደነበር፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በዓይኑ እንዳየ ይንሾካሾካሉ። መኪናው ለምን እንደተገለበጠ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የተሰጠኝን ንፍሮ ጨርሼ በላሁና ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ጎማ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ጎማ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሌላው ነጋዴ እንኳ የተጠራጠረውን ጎማ አንከባሎ አምጥቶ «እስቲ እይልኝ» ይለኛል። አየዋለሁ። አውራ ጣትህን ጥርሱ መሐል ትሰድና በጥፍርህ ትጫነዋለህ። ጥፍርህ ገብቶ፣ ምልክቱ ቀስ እያለ ከጠፋ ጎማው ሕይወት አለው፤ ከተንሸራተተ ደርቋል። ቀጥሎ ጎኑን በጡጫ ትመታለህ። እንደ ሙሉ ጆንያ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና፣ እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ ተወው። በመጨረሻ፣ ማንበብ የምትችል ከሆነ፣ ጎኑ ላይ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች ታነባለህ። ፊተኞቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ ኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው።

እኔ ራሴ የምጀምረው ከቁጥሩ ነው። ለደንበኛ ግን ጥፍሩን ነው የማስተምረው። ጥፍሩን ያመነ ደንበኛ ቁጥር አይጠይቅም።

እነዚያ አራት ጎማዎች ከአዲስ አበባ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደርበው መጡ። አንድ ባለሀብት ለውድ መኪናው ብሎ አስመጥቷቸው፣ ጎማው ደርሶ መኪናው ቀርቶበት ነው አሉ። ደላላው «ስፖርት ናቸው፣ የበጋ ጎማ» አለኝ። ፈረንጆች ለበረዶ ሌላ፣ ለሙቀት ሌላ ጎማ አላቸው። የእነሱ በጋ እኛ ጋ ዶፍ የሚወርድበት ወር እንደሆነ ብነግረው፣ «አንተ ሽጥ እንጂ፤ ጎማ ወር አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

ጥሩ ጎማዎች ነበሩ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ሰፊ ናቸው፤ ጎናቸው አጭር፣ ጥርሳቸው ጥቂትና ወፍራም፣ መሐሉን ውሃ የሚያሳልፉ ጥልቅ ቦዮች የተቀደዱለት። ላስቲኩ አስፋልት እንዲነክስ ተብሎ የለሰለሰ ነው። ፍሬን ስትይዝ መኪናውን ባለበት ይተክለዋል። ቶሎ ያልቃል፣ ጠጠርና ጉድጓድ አይወድም፤ ነገር ግን የሞቀ አስፋልት ላይ የሚስተካከለው አላየሁም። አንድ ሌላ ጠባይም አለው። ከመነሻው ለስላሳ ስለሆነ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ቅባት ተቀብቶ ጨለማ ውስጥ ካረጀም በኋላ ጥፍር ያስገባል። ውስጥ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ ጋር መኳረፉን ጥፍር አያይም።

ቁጥሩ 2716 ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሰኔ ሁለት ሺህ ስምንት መጨረሻ ላይ ይውላል። እኛ የነበርነው ግንቦት ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ፣ ቆመው ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ለአህያ ጋሪ ለሚሠራ ሰው ልሰጣቸው አስቤ ጥግ አስደገፍኳቸው።

ሽማግሌው የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከቡሹሎ ወገን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ልጃቸው በገዛችላቸው አውቶሞቢል ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች እንግዳ ያመላልሳሉ። የአፍ መፍቻቸው ሲዳሙ አፎ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ እያንዳንዱን ቃል መሬቱን ፈትሸው ነው የሚያስቀምጡት። ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፤ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ለሕክምና ይወስዷቸዋል።

«ባለፈው ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ተንሸራተተች» አሉኝ። «ባለቤቴ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሄደው። እንደዚያ ሆና ሳያት መሪ መያዝ አልቻልኩም። የማይንሸራተት ስጠኝ።»

ጥግ የተደገፉትን አዩ፤ ልካቸው ለመኪናቸው ይሆን ነበር። የእኔ ዓይን ቀድሞ ሄዶ ይሆን እንጃ። ጥፍራቸውን ጫኑ፤ ገባ። ጡጫ ሰነዘሩ፤ ድፍን አለ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው ቁጥሩን ፈልገው አገኙት።

«ሃያ ሰባት። አሥራ ስድስት።» በጣታቸው ከመስከረም ጀምረው ሳምንት ቆጠሩ። «መጋቢት ይመጣል። መጋቢት ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት። ሁለት ወሩ ነው።» ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። «የዘንድሮ ነው።»

ሒሳባቸው ልክ ነበር። የተሳሳተው ዘመኑ ብቻ ነው።

«ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎማ ነጋዴ ጎረቤቴ ያኔ ደጄ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። ሽማግሌው ጎማቸውን አስገጥመው ሲሄዱ ስንጥሩን ጣለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘመን መለወጥ ጀመርክ እንዴ?»

«ጳጉሜን ብቻ ነው የቀረችኝ» አልኩት። ተሳሳቅን።

ክረምቱን በሙሉ ጎማዎቹ አላሳፈሩኝም። ሽማግሌው አንድ ቀን ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ በገመድ አስረው ይዘውልኝ መጡ። «ዓይኗን ገለጠች» አሉኝ። «ዝዋይ ጋ ስንደርስ ሐይቁን አይታ ስለ ሐይቁ አወራችኝ።» ዓሣውን ጠብሼ በላሁ፤ ጣፈጠኝም።

እሳቸው ያወቁትን ለብቻቸው የሚይዙ ሰው አይደሉም። ሆቴል ደጅ ተራ የሚጠብቁትን ሾፌሮች ሁሉ ቁጥር ማንበብ አስተማሯቸው። ሾፌሮቹ እየመጡ «አሥራ ስድስት አለህ?» ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቴ አሥራ ስድስት ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ የእርጅናው ዋጋ ስለሆነ በርካሽ አገኘ። አንድ አዛውንት በቅን ልቦና የሳቱትን ነገር እኛ ሁለታችን ገበያ አደረግነው። ላርመው ብል መጀመሪያ ራሴን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ስለዚህ አላረምኩም።

ጥር ላይ ንፋስ ሊያስሞሉ ቆሙ። ጎንበስ ስል የኋላው ቀኝ ጎማ ጥርሱ ሥር ቀጫጭን ስንጥቅ አወጣጥቷል፤ ውሃው የሸሸበት የሐይቅ ዳር ጭቃ ይመስላል። ጎኑን በመዳፌ ዳበስኩት፤ አንድ ቦታ ላይ በጣም በትንሹ አብጧል።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ንፋስ ጎድሎታል። አሁን ፀሐዩ በርትቷል፣ ጋሼ፤ ትንሽ ዝግ ብለው ይንዱ።»

«በዚህ ጎማ?» ብለው ሳቁ። «ዝግ በል የሚባለው ጎማው ያረጀ ሰው ነው።»

ባለቤታቸው ከፊት ተቀምጠው በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝ፤ ጨበጥኳቸው። ሙቅና ቀላል እጅ ነበር። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሲመለሱ እቀይርላቸዋለሁ፣ ሰበብ አላጣም፣ «ፋብሪካው ስህተት አለበት ብሏል» እላለሁ፤ ይህን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። ተመልሰው መጡ፤ ሱቅ ግን አልቆሙም። በየካቲት በሚቀጥለው ጉዟቸው፣ ከዝዋይ አለፍ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ የኋላው ቀኝ ፈነዳ። መኪናው ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። እሳቸው ትከሻቸው ተሰብሮ ወጡ። ባለቤታቸው እዚያው ቀሩ።

ከድንኳኑ በኋላ ልጅቷ የአባቷን ቤት መርገጥ ተወች። አንድ ልጃቸው ናት፤ የመንግሥት ቢሮ ትሠራለች። እናቷን በአውሮፕላን ልላካት ብላ ስትለምን አባቷ «ጎማዬ አዲስ ነው፣ በመቶ ሃያ እንኳ አይነቃነቅም» እያሉ እንደከለከሏት ለሰው ሁሉ ተናገረች። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ጎረቤት ምግብ ይወስድላቸዋል፤ ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል። ሰውዬው በሐዘን ሳይሆን በልጃቸው ቃል እየሞቱ እንደሆነ መንደሩ ያውቅ ነበር። ቃሉን የሚያነሳላቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጎማ ይሸጣል።

አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ልጅቷን የመኪናው ስብርባሪ ወደቆመበት ጋራዥ ጠራኋት። መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች፤ የቢሮ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው።

«ምን ሊያሳዩኝ ነው?»

ተንበረከክሁና የፈነዳውን ጎማ ጎን በእጅጌዬ ወለወልኩት። «ይህን አንብቢልኝ።»

«ሃያ ሰባት አሥራ ስድስት።» ጣት እንኳ አልቆጠረችም፤ ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ ስትገለብጥ የምትውል ሰው ናት። «ሰኔ ሁለት ሺህ ስምንት። አባቴ የዘንድሮ ነው ሲል ነበር። ለእናቴም እንደዚያ ነው ያላት። ማን ነው እንደዚያ ያነበበለት?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አውቅ ነበር። የፈነዳው በፍጥነት አይደለም። ዝግ ብለው ቢነዱትም ይፈነዳ ነበር።»

ቁጥሩን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ «ምን አልከው?» አለችኝ። «እርስዎ» የሚለው እዚያ ላይ ቀረ።

«ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል አልኳቸው።»

ጎንበስ ብላ የአውራ ጣቷን ጥፍር ጥርሱ መሐል ጫነች። ገባ። ምልክቱ እስኪጠፋ አይታው፣ መታወቂያዋን ሸሚዟ ውስጥ ከትታ ሄደች። ትመታኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ዱላ ሲቀምስ የከፈለ ይመስለዋል።

እንደ ወጉ ለእርቅ ሽማግሌ ልልክ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ለመንኩ። ሳይሄዱ አባትየው ራሳቸው ሱቄ መጡ። ወንበር ባቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉኝ። አትላክ።» ቃላቸውን እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ አስቀመጡ። «ልጄ ትናንት ቤት ገባች። "አባዬ" አለችኝ። ይህን ያገኘሁት ባንተ ነው። ያጣሁትም ባንተ ነው። ሽማግሌ ይህን በምን ያካክሰዋል?»

«ጋሼ፣ ያን ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ…» አልኩ። ነጋዴ ነኝ፤ አፌ ሁልጊዜ አንድ መውጫ በር ይፈልጋል።

«ጠይቄህ ነበር» አሉኝ። «የዘንድሮ ነው ብዬ ፊትህን አየሁት። ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይጠይቃል?»

ያም በር ተዘጋ። ሌላ አልፈለግኩም።

«ውጭ ና» አሉኝ። የልጅቷ መኪና ቆሟል፤ እሷ መሪው ላይ ናት፤ መስኮቱ እስከ ጫፍ ተዘግቷል። «ጎማዋን እይልኝ። እሷ አልፈለገችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። አንተ እንደምታውቅ አውቃለሁ።»

አራቱንም እየዞርኩ ተንበረከክሁ። ቁጥሩን ከነአቆጣጠሩ፣ ጥርሱን፣ ጎኑን፣ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ መስታወቱን አልፎ ይሰማት አይሰማት አላውቅም። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«የኋላ ግራው ይቀየር። ከውስጥ በኩል ተሰንጥቋል። በዚህ ከከተማ እንዳትወጣ።»

«አለህ?»

ልኩ ነበረኝ፤ አዲስ፣ ወረቀቱ ሳይላጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብዬ አየሁት።

«ከማዶ ይግዙ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዱን ተሻገሩ። ልጅቷም መኪናዋን ቀስ አድርጋ አዙራ ተከተለቻቸው። ጎረቤቴ እየተሽቆጠቆጠ ጎማ አንከባሎ አወጣ፤ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በአንድ እጃቸው መብራት ያዙና አጎነበሱ። ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«ይሄ ዓመት» አሉት፣ «በማን አቆጣጠር ነው?»

ጎረቤቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ።